«ያልተፈለገች»

በህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት ሳታራ የሚባል አውራጃ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. እዚያ 285 ልጃገረዶች በአንድ ሥነ ሥርዓት ላይ ስማቸውን ቀየሩ። እስከዚያ ድረስ «ናኩሳ» ወይም «ናኩሺ» ይባሉ ነበር፤ በማራቲ ቋንቋ «ያልተፈለገች» ማለት ነው። ወላጆቻቸው ቀጣዩ ወንድ እንዲሆንላቸው ብለው ያወጡት ስም ነው። እኛም ካሳ፣ ምትኬ እያልን የሆዳችንን በልጅ ስም ስለምናወጣ ነገሩ አይጠፋንም።

ናኩሳዎቹ ግን ተወልደው አድገዋል፤ ይህ ዕድል ያልደረሳቸው ብዙ ናቸው። በተፈጥሮ 100 ሴቶች ሲወለዱ 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። በ2011ዱ የህንድ ቆጠራ ከሰባት ዓመት በታች ለ1000 ወንዶች የተገኙት 919 ሴቶች ነበሩ፤ በሀርያና ግዛት ደግሞ 834 ብቻ። ድሮ ሴት ሕፃን የምትገደለው አራስ ቤት ውስጥ ነበር፤ እንግሊዞች በ1870 ይህን የሚከለክል ሕግ አውጥተው ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ አልትራሳውንድ መጣና ጽንሷ ሴት መሆኗ ሲታወቅ ማስወረድ ተለመደ። ድምፅ የሌለው ግድያም አለ፦ ወንዱ ሲያተኩሰው ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰዳል፣ እሷ «ይሻላታል» ተብላ ትቆያለች።

ምክንያቱ ድህነት ነው እንዳይባል ሀርያና ከሀብታሞቹ ግዛቶች አንዷ ናት። ይልቅ ስሌት ነው። የህንድ ጥሎሽ እንደኛ አገሩ ከወንድ ወገን አይመጣም፤ የሚከፍለው የሴቷ አባት ነው። በ1961 በሕግ ቢከለከልም አልቀረም። ልጅቱ ስታገባ ወደ ባሏ ቤተሰብ ትሄዳለች፤ ወላጅ የሚጦረውም፣ ሲሞቱ አስከሬናቸው የሚቃጠልበትን እሳት የሚለኩሰውም ወንዱ ነው።

በ1994 የወጣ ሕግ ሐኪም የጽንሱን ጾታ እንዳይናገር ያዛል። አንዳንዱ አይናገርም፣ ይፈርማል፦ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከሆነ ወንድ፣ በቀይ ከሆነ ሴት። ወረቀቱ ላይ ወንጀል አይታይም።

ደቡብ ኮሪያም ተመሳሳይ ክልከላ በ1987 ነበራት፤ ሆኖም በ1990 ለ100 ሴቶች 116 ወንዶች ተወለዱ። እያደር ግን ሴቶች ተምረው ደመወዝተኛ ሆኑ፣ ጡረታ መጣና ሽማግሌ ወላጅ የወንድ ልጁን እጅ ማየት ቀነሰ፤ ወንድን ብቻ የቤተሰብ አውራ የሚያደርገው ሥርዓትም በ2008 ተሻረ። በእነዚያው ዓመታት ቁጥሩ ወደ ተፈጥሮው ተመለሰ። በ2024 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው፤ የኮሪያ ወላጆች አሁን የጽንሱን ጾታ ጠይቀው መስማት ይችላሉ።