በየጀሪካናችን ስላለው «አደገኛ ኬሚካል»

ዛሬ ስለ አንድ ኬሚካል እናወራለን። ስሙ ዳይሃይድሮጅን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል። በጋዝ መልኩ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። ብረት ያዝጋል። የአሲድ ዝናብ ዋነኛ ክፍል ነው። በካንሰር በሽተኞች እጢ ውስጥ ሁልጊዜ ይገኛል። ፋብሪካዎች ከተጠቀሙበት በኋላ ወደ ወንዝ ይለቁታል። ሰውነቱ የለመደው ሰው ከተከለከለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ይህ ነገር በየካምፑና በየቤቱ፣ ሕፃናት በሚጠጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር አለ።

ታዲያ ይታገድ ወይስ አይታገድ?

«ይታገድ እንጂ!» ያላችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ ብዙ ጓደኛ አላችሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። «ዳይ» ማለት ሁለት፣ «ሞኖ» ማለት አንድ ነው። ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን፣ ማለትም በትምህርት ቤት «ኤች ቱ ኦ» ብለን የተማርነው ውሃ ነው! ወደ ሳንባ ሲገባ የሚገድለው መስጠም ነው፤ የሚያቃጥለው ጋዝ የድስት እንፋሎት ነው፤ ሲከለከል የሚገድለው ደግሞ ውሃ ጥም ነው። ልብ በሉ፣ ከላይ ከተዘረዘረው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ሰው በእውነት ብቻም ሊታለል ይችላል ማለት ነው።

ቀልዱ ከየት መጣ?

(ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1983 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የዱራንድ ከተማ ጋዜጣ ለ«ኤፕሪል ዘ ፉል» ብሎ በከተማው የውሃ ቧንቧ ውስጥ «ዳይሃይድሮጅን ኦክሳይድ» ተገኘ ሲል ጻፈ። በ1990 ገደማ ደግሞ በካሊፎርኒያ የሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በወረቀት አባዝተው በተኑት። ዓለም ያወቀው ግን በ1997 ናታን ዞነር በተባለ የ14 ዓመት የአይዳሆ ተማሪ ምክንያት ነው። ልጁ ለሳይንስ ውድድር 50 ተማሪዎችን ወረቀቱን አስነብቦ ጠየቃቸው። 43ቱ ይታገድ አሉ። 6ቱ መወሰን አቃታቸው። ውሃ መሆኑን ያወቀው 1 ተማሪ ብቻ ነበር። የሥራው ርዕስ «ምን ያህል ተላሎች ነን?» የሚል ነበር፤ አንደኛም ወጣበት።

ተማሪ ቢታለል አይገርምም ትሉ ይሆናል። በ2004 ግን በካሊፎርኒያ የአሊሶ ቪዬሆ ከተማ ምክር ቤት፣ ይህ ኬሚካል ስለሚገባበት በከተማው ዝግጅቶች ላይ የፎም ኩባያ ይከልከል የሚል ሐሳብ በአጀንዳው ላይ አስፍሮ ነበር። ድምፅ ሳይሰጥበት ሰው ነቅቶ አስጣለው። በ2013 ደግሞ በፍሎሪዳ ሁለት የሬዲዮ አዘጋጆች «ከቧንቧችሁ ዳይሃይድሮጅን ሞኖክሳይድ እየወጣ ነው» ብለው በኤፕሪል ዘ ፉል ቀን ቀለዱ። ሕዝቡ ስልኩን ስላጨናነቀው የውሃ ድርጅቱ ውሃው ደህና ነው ብሎ መግለጫ አወጣ፤ አዘጋጆቹም ከሥራ ታገዱ። የተማረ አገር ነው ቢባልም፣ ከባድ ስም ሲሰማ ፈረንጁም ይደነግጣል።

ሳቁ ሲያልቅ

እዚያ ነገሩ በሳቅ አለፈ። በኛ አህጉር ግን እንዲህ ያለው ስህተት ሕይወት አስከፍሏል። በሰሜን ሞዛምቢክ ክሎሪን በፖርቹጋልኛ «ክሎሮ»፣ ኮሌራም «ኮሌራ» ይባላሉ፤ ለጆሮ ይቀራረባሉ። ኮሌራ ሲነሳ የጤና ሠራተኞች ጉድጓዶች ውስጥ ክሎሪን ሲጨምሩ ሕዝቡ «በሽታውን እየዘሩብን ነው» አለ። በ2009 ሠራተኞቹና በጎ ፈቃደኞቹ ጥቃት ደርሶባቸው የሞቱም አሉ። ሊያድናቸው የመጣውን መድኃኒት እንደ መርዝ አዩት።

እኛም ዘንድ «ክሎሪን ያመክናል»፣ «ስደተኛውን ሊጨርሱት ነው» የሚል ወሬ ሲናፈስ የሰማ ጥቂት አይደለም። እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እስከ 5 ሚሊግራም ክሎሪን ዕድሜ ልክ ቢጠጣም ጉዳት የለውም ይላል። በውሃ ማከፋፈያ ቦታ ላይ የሚፈለገው ግማሽ ሚሊግራም ያህል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 10 ሚሊግራም መሆኑ ነው፤ ከአንድ ቁንጥጫ ጨው በብዙ ያነሰ። የካምፓላ ነዋሪ ከጋባ የሚመጣለት የቪክቶሪያ ሐይቅ ውሃም በክሎሪን የታከመ ነው፤ ሚኒስትሩም ስደተኛውም ይጠጡታል። አገር ቤት «ውሃ አጋር» የምንለው ጠርሙስም የተቀጠነ የበረኪና ዘር ነው። በ2018 በኪያንግዋሊና በአካባቢው ኮሌራ ተነስቶ፣ ከኮንጎ የመጡ በርካታ ስደተኞች ታመው የሞቱም ነበሩ። የገደላቸው ያልታከመ ውሃ እንጂ የበረኪና ሽታ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ክሎሪን በ1915 በቤልጂየም በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮችን የፈጀ ጋዝ ነው። ያው ክሎሪን ከሶዲየም ጋር ሲዋሃድ ደግሞ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጡት መጠኑ፣ ከምን ጋር እንደተዋሃደና በየት በኩል ወደ ሰውነት እንደገባ ናቸው። ውሃውም ቢሆን በአጭር ጊዜ ከልክ በላይ ከተጠጣ ይገድላል።

እውነተኛው መርዝ

የኛ ሰው «ኬሚካል» ሲባል የሚደነግጠው በከንቱ አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ አያቶቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዝንቧል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ይህን ያመነው በ1996 ነው። ስለዚህ መጠራጠር ተገቢ ነው። ችግሩ ጥርጣሬያችን ስም ብቻ እያየ ሲሮጥ፣ እውነተኛው መርዝ በሌላ በር መግባቱ ነው።

በ2010 በምዕራብ ኡጋንዳ በካባሌ አካባቢ 80 ያህል ሰዎች ሜታኖል የተቀላቀለበት ዋራጊ ጠጥተው አለቁ። ማንም «ኬሚካል ነው» ብሎ አልፈራውም፤ የሚያውቁት ዋራጊ ነዋ! ሜታኖል በሽታም በጣዕምም ከተራ አልኮል ብዙም አይለይም። ጉበት ግን ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ እሱም የዓይን ነርቭን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ እዚሁ ካምፓላ፣ ሥጋ ቤቶች ሥጋውን አስከሬን ማቆያ በሆነው ፎርማሊን ይነክሩታል የሚል ክስ ተነስቶ የከተማው አስተዳደር ሥጋ ቤቶችን ፈትሿል። ዝንብ የማያርፍበት ሥጋ ንጹሕ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ስንት ነው? «ከኬሚካል ነፃ» ተብሎ በየመንገዱ የሚሸጠው የቆዳ ማንጫ ቅባትስ ቢሆን? ከእንዲህ ያለው ቅባት ውስጥ ሜርኩሪ ያለበት አለ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

ምን እንጠይቅ?

አስደንጋጭ ወሬ በስልክም ሆነ በአፍ ሲደርሰን ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ፦

1. የዚህ ነገር የዘወትር ስሙ ማን ነው? ኮምጣጤ «አሴቲክ አሲድ»፣ ጨው «ሶዲየም ክሎራይድ» ሲባሉ ያስፈራሉ።

2. መጠኑ ስንት ነው? «አለበት» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም።

3. በየት በኩል ይገባል? የሚጠጣ ነው፣ የሚተነፈስ ወይስ የሚቀባ?

4. የሚናገረው ማን ነው? የመረመረው ሰው ነው ወይስ ሌላ ነገር ሊሸጥልን የመጣ?

እስከዚያው ቤታችን ያለውን እውነተኛ አደጋ እንጠንቀቅ። በረኪና ወይም ጂክ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ፤ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። በረኪናና ላምባ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ ማንበብ ባይችልም ጠርሙሱን ያውቀዋል። አረቄ ወይም ዋራጊ የጠጣ ሰው በሰዓታት ውስጥ ወይም በማግስቱ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ ካለ፣ ስካር ነው ብላችሁ አታስተኙት። ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወላጆችና አስተማሪዎች ደግሞ የዚህን ጽሑፍ መጀመሪያ ለልጆች አንብቡላቸውና «ይታገድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢታለሉ አትሳቁባቸው፤ «ለመሆኑ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ግን አጨብጭቡለት። ካምፕ ውስጥ ወሬ ሲነሳ የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ልጅ ነው።