የእናት ጡት ወተትና የእህል አሰር ለሕፃናት አንጀት ያላቸው ጥቅም
(የከሚሴን አካባቢ ምግብ መነሻ በማድረግ)

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዞኑ ውስጥ በሚገኙት በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሐረዋና በባቲ ወረዳዎች ማሽላ ከዋነኞቹ የምግብ እህሎች አንዱ ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሾም ይመረታሉ፤ ከብት፣ ፍየልና ግመልም ይረባሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የታወቀ ምግብና ከእርሱም የሚቀድመው የእናት ጡት ወተት በሕፃኑ አንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች እንዴት እንደሚመግቡ ማስረዳት፣ ከዚህም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት በ2011 ዓ.ም. የተካሄደውን አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መመልከት ይበቃል። በዚያ ጥናት መሠረት በአገሪቱ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። ከስድስት ወር በታች ከነበሩት መካከል በጡት ወተት ብቻ የሚመገቡት 59 በመቶ ነበሩ። ለዕድገት መቀጨጭ የምግብ እጥረት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና የንጹሕ ውሃ አለመኖር የታወቁ ምክንያቶች ናቸው፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሁኔታም ከእነዚህ ጋር የተሳሰረ ነው።

የእናት ጡት ወተት ስኳሮች

ሕፃን ሲወለድ በአንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከውልደት በኋላ ግን ከእናቱ፣ ከሰዎች እጅ፣ ከውሃና ከምግብ የሚያገኛቸው ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይራባሉ። ከእነዚህ የትኞቹ ጸንተው እንደሚቀመጡ በአብዛኛው የሚወስነው የሚያገኙት ምግብ ነው።

በእናት ጡት ወተት ውስጥ ዋነኛው ስኳር ላክቶስ ሲሆን፣ ይህን ሕፃኑ ራሱ ፈጭቶ ይጠቀምበታል። ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛውን ቦታ የያዙት ኦሊጎሳካራይድ የተባሉት ስኳሮች ናቸው። ዓይነታቸው ከአንድ መቶ ይበልጣል፤ መጠናቸውም በአንድ ሊትር ወተት ከ5 እስከ 15 ግራም ይደርሳል። በእንገር ውስጥ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይገኛል። እነዚህን ስኳሮች የሚፈጭ ኤንዛይም በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ስለሌለ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። ታዲያ ሕፃኑ የማይፈጨው ስኳር በወተቱ ውስጥ ለምን ተገኘ? መልሱ ስኳሩ የባክቴሪያዎች ቀለብ መሆኑ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ፈረንሳዊው ሐኪም አንሪ ቲሲዬ ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ዐይነ ምድር ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉትን ለይቶ አወጣ። ኋላ እንደታወቀው ከእነዚህ ወገን ኢንፋንቲስ የተባለው ባክቴሪያ የወተቱን ስኳር እንዳለ ወደ ሴሉ አስገብቶ በውስጡ ይፈጨዋል፤ ከዚህም የተነሣ ለሌሎች የሚተርፈው ጥቂት ነው። በሚያወጣው አሲድ አንጀቱ ኮምጠጥ ስለሚል ተቅማጥ የሚያስከትሉ ብዙ ባክቴሪያዎች ለመራባት ይቸገራሉ። ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ ስኳሮች በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኙትን መጣበቂያዎች ስለሚመስሉ፣ ጎጂው ባክቴሪያ በግድግዳው ፈንታ ከእነርሱ ጋር ተጣብቆ ይወጣል።

የወተቱ ስኳር በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ጤናማ እናቶችን ወተት ሲያነጻጽር፣ ከኢትዮጵያም የከተማና የገጠር እናቶች ተካተው ነበር። የኦሊጎሳካራይዶቹ መጠንና ስብጥር ከቦታ ቦታ የሚለያይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም የየአካባቢው እናት ወተት በራሱ መጠናት እንዳለበት ያመለክታል።

በመሆኑም እንገርን ማፍሰስ፣ ለአራስ ሕፃንም ቅቤ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም አብሽ ማቅመስ ጉዳቱ ሁለት ነው። በአንድ በኩል የበሽታ ተሕዋስያንን ሊያስገባ ይችላል፤ በሌላ በኩል ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ከመደላደላቸው በፊት ቀለባቸውን ያሳንሳል።

የእህል አሰር

ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ በወተቱ ስኳር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ቦታቸውን የእህልና የአትክልት አሰር ለሚበሉት ይለቃሉ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላውም የአንጀቱ ባክቴሪያዎች የአዋቂን መምሰል ይጀምራሉ።

አሰር፣ በተለምዶም ፋይበር የሚባለው፣ የሰው ኤንዛይም የማይፈጨው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ክፍል ነው። ባክቴሪያዎች አብላልተው አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲዶችን ያወጡበታል። ከእነዚህም ቡቲሪክ አሲድ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋነኛ የኃይል ምንጭ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ማሽላ፣ ዘንጋዳ መሰል እህልና ጥራጥሬ የሚመገቡ የቡርኪና ፋሶ ገጠር ሕፃናትን ከጣሊያን ፍሎሬንስ ሕፃናት ጋር አነጻጽሯል። በአፍሪካውያኑ አንጀት አሰርን የሚፈጩ ባክቴሪያዎች በርክተው ተገኝተዋል፤ ከላይ የተጠቀሱት አሲዶችም ብዛት ነበራቸው። ማሽላ ለሚበላው ለከሚሴ አካባቢ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል። የማሽላ ዱቄትም እጅግ ካልተነፋ አሰሩን ይይዛል። የተጋገረ ምግብ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከስታርቹ ከፊሉ ለመፈጨት የሚያስቸግር ስለሚሆን እንደ አሰር ያገለግላል። ነገር ግን አንድ ስሕተት መታረም አለበት፤ የእርሾው ተሕዋስያን በምጣዱ ሙቀት በአብዛኛው ስለሚሞቱ እንጀራ ለአንጀት ባክቴሪያዎች ቀለብ እንጂ ባክቴሪያ አቅራቢ አይደለም።

ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ

አሰር ጠቃሚ ነው ሲባል በዛ ማለት ሁልጊዜ በጀ ማለት አይደለም። የሕፃን ጨጓራ ትንሽ ነው። አሰር ብቻ የበዛበት ቀጭን አጥሚት ሆዱን ሞልቶ በቂ ኃይልና ፕሮቲን ሳይሰጠው ይቀራል። በገለባው ውስጥ የሚገኘው ፋይቴትም ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ያግዳል። ሊጥን በእርሾ ማቡካት ይህን እገዳ ይቀንሳል። ስለዚህ የሕፃኑ ገንፎ ወፈር ያለ፣ ከጥራጥሬ ጋር የተቀላቀለ፣ በተቻለ መጠንም ወተት ወይም እንቁላል የተጨመረበት መሆን ይኖርበታል። በዚህ ረገድ ማሾ ሁለት ጥቅም አለው፤ ፕሮቲንም አሰርም ይሰጣል። ይሁን እንጂ ማሾ ለገበያ የሚፈለግ ሰብል በመሆኑ ከጎተራ ወጥቶ ሲሸጥ ለልጆች የሚተርፈው ሊያንስ ይችላል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

የባክቴሪያዎቹ አሰፋፈር በአብዛኛው ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ይወሰናል። ቢሆንም ትምህርት ቤት ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። ተማሪዎች በቤታቸው ታናናሾቻቸውን ያዝላሉ፣ ያበላሉ፤ ነገም እናትና አባት ይሆናሉ። በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጥ፣ መምህሩ የእንገርን፣ የገለባንና የእርሾን ስም ልጆቹ በቤታቸው በሚናገሩበት ቃል ቢያስተምር ትምህርቱ እስከ ምድጃው ይደርሳል። በክፍል ውስጥም አንድ ኪሎ የማሽላ ዱቄት በወንፊት አስነፍቶ የሚወጣውን ገለባ በሚዛን ማሳየት፣ እርሾ የገባበትንና ያልገባበትን ሊጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ ኩፍ ማለቱንና መኮምጠጡን ማስመልከት ይቻላል። በሊጡ ውስጥ የሚታየው መብላላት በአንጀት ውስጥ ለሚካሄደው ቅርብ ምሳሌ ነው።

ዕቅድ አውጪዎች በበኩላቸው የትምህርት ቤት ምገባ በሚዘጋጅበት ጊዜ በነጭ ዱቄትና በስኳር ላይ ከመመሥረት ይልቅ የአካባቢውን ማሽላና ማሾ ቢያስቀድሙ፣ ለተማሪው ጤንነትም ለገበሬው ገበያም ይጠቅማል። እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከልጇ ጋር የምትሆንበት ጊዜ እንዲኖራት ሥራዋን ማቃለልም የዚሁ ዕቅድ አካል ነው። የወተቱ ስኳርም ሆነ የእህሉ አሰር ከሩቅ የሚመጡ አይደሉም፤ የሚያስፈልገው በእጅ ያለውን አውቆ ሳያባክኑ ለልጁ ማድረስ ነው።