«አጠና» ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ከኮልፌ ቀራኒዮ ሰፈሮች አንዱ አጠና ተራ ነው፤ ስሙን የሰጠው ለቤት መሥሪያ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ነው። «ልጁ ትምህርቱን አጠና» ስንልም የምንጽፈው እነዚሁኑ ሦስት ፊደላት ነው። በእንጨቱ ስም «ና» ይላላል፣ በግሡ ይጠብቃል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይነግረናል፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ይህን ሳያስበው ይለየዋል። ቋንቋውን ዛሬ የሚጀምር ተማሪ ግን ፊደሉን ሁሉ ለይቶም ንባቡ ይሰናከልበታል።

ጥብቀት ባለቤትን በሚያሳዩ ምዕላዶች ውስጥም አለ። ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤትሽ፣ ቤትዎ፣ ቤቱ፣ ቤቷ፣ ቤታችን፣ ቤታችሁ፣ ቤታቸው፦ ዘጠኙም በስሙ መጨረሻ ይለጠፋሉ። በመጨረሻዎቹ ሦስቱ «ች» እና «ቸ» ሁልጊዜ ይጠብቃሉ። «ልጆች» ሲባልም «ች» ይጠብቃል። ስለዚህ በ«ልጆች»ም በ«ልጃችን»ም «ች» ጠብቆ ይነበባል፤ ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢለማመዳቸው ይጠቅመዋል።

ባለቤትን በማሳየት ረገድ ፖርቱጋልኛ የሚማር ኢትዮጵያዊም ፈተና ይገጥመዋል። እኛ «አባትሽ»፣ «እናትሽ» ስንል የምዕላዱን ጾታ የሚወስነው የምናነጋግራት ባለቤት ናት። በፖርቱጋልኛ ግን የሚወስነው ንብረቱ ነው፤ ቤት በሰዋስው አንስታይ ስለሆነ ወንዱም ሴቷም «ሚኛ ካዛ» ይላሉ። «ሴው» የሚለው ቃል ደግሞ የእርስዎ፣ የእሱ፣ የእሷ ወይም የእነሱ ሊሆን ይችላል። እኛም ዘንድ «ቤቱ ተሸጠ» ሲባል የታወቀው ቤት ይሁን የእሱ ቤት አይለይም፤ «ቤታቸው» የአንድ አንቱ የሚባሉ ሰውም፣ የብዙ ሰዎችም ነው። ብራዚላውያን «ዴሊ» ብለው «የእሱ» መሆኑን ይለያሉ፣ እኛ «የእሱ ቤት» እንላለን።

በድምፅ ምልክት ግን እነሱ ይቀድሙናል። በፖርቱጋልኛ አያት ወንድ ይሁን ሴት የሚታወቀው በመጨረሻው አናባቢ ላይ በሚቀመጠው ምልክት ነው፦ እንደ ጎጆ ክዳን የሆነው ወንዱን፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ጭረት ሴቷን ያሳያል። ከጎረቤት ቋንቋዎቻችንም ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀው ፊደል ይደገማል። ከዚያ ወደ አማርኛ ንባብ የሚመጣ ልጅ፣ በቁቤ በዓይኑ ያየው የነበረውን ጥብቀት እዚህ ያጣዋል።

እኛም ምልክት አጥተን አይደለም። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ የኮምፒዩተር ፊደላት ውስጥ ገብተዋል። «አጠና፟» ብሎ የጻፈ ሰው ተማሪውን ከግምት ያወጣዋል።

ጋዜጣና ልብ ወለድ በነጥብ ይሞሉ አልልም፤ የለመደ አንባቢ አያስፈልገውም። የጀማሪ መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ግን ያለ እነዚህ ነጥቦች ሊታተሙ አይገባም። አስተማሪዎችም አዲስ ቃል በሰሌዳ ላይ በጻፋችሁ ቁጥር የሚጠብቀውን ፊደል አመልክቱ፤ ጮክ ብላችሁም አንብቡት።