በስሪ ላንካ ደሴት ስላለው ስለ አዳም ተራራ፤ ጀማሪም ሰው እንዴት አስቦ እንደሚወጣው

ከሕንድ አገር በስተ ደቡብ በውቅያኖስ መካከል፥ ቀድሞ ሴይሎን ትባል የነበረች ከ1972 ወዲህ ግን ስሪ ላንካ የተባለች ደሴት አለች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው እንደ ኤውሮጳ ነው።) ደሴቲቱ ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች ዳር ዳሯ ቈላ ነው፤ ሩዝና ኰኰናት ይበቅልበታል። መካከሏ ግን ደጋ ነው፤ ስሟን በዓለም ሁሉ ያስጠራው ሻይ የሚለማው በዚያ ነው። በዚሁ ደጋ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ አንድ ሾጣጣ ተራራ ከሌሎቹ ተለይቶ ቆሟል። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,243 ሜትር ነው። ከደሴቲቱ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው 2,524 ሜትር ያለው ፒዱሩታላጋላ ሲሆን፥ በክብርና በዝና ግን ይህን የሚተካከል የለም። የአገሩ ሰዎች ስሪ ፓዳ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ቅዱስ የእግር ምልክት ማለት ነው። የውጭ አገር ሰዎች የአዳም ተራራ ብለው ይጠሩታል።

እንዲህ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። በተራራው ራስ ላይ በትልቅ ዓለት የሰው እግር የረገጠው የሚመስል ጐድጓዳ ስፍራ አለ፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ምልክት ሕዝብ ሁሉ እንደየሃይማኖቱ ይናገራል። የቡድሃ ተከታዮች ቡድሃ የረገጠው ነው ይላሉ። ሂንዶች የአምላካቸው የሺቫ ነው ይላሉ። እስላሞች አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ የቆመበት ነው ይላሉ፤ ተራራው በአዳም ስም የተጠራውም ከዚህ የተነሣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ደሴቲቱ የመጡት ፖርቱጋሎች ደግሞ በሁለት ተከፍለው ነበር፤ እኩሌቶቹ የሐዋርያው የቶማስ እግር ነው ሲሉ፥ እኩሌቶቹ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ እግር ነው ይሉ ነበር። ጃንደረባውም በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያጠመቀው ያ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ስም በዚያን ያህል ሩቅ ተራራ ላይ መጠራቱ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ ነውና ለታሪክ ማስረጃ አይሆንም። የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባቱታ በ1344 ወደዚያ ወጥቶ፥ ሰዎች እየያዙ የሚወጡበት የብረት ሰንሰለት በዓለቱ ላይ ተተክሎ ማየቱን ጽፏል። ዛሬ ተሳላሚው በብዛት በሚሄድበት መንገድ ደረጃ ተሠርቷል፤ ገደሉ በጠናበትም ስፍራ የእጅ መደገፊያ ብረት አለ።

ጀማሪ ሰው 2,243 ሜትር ሲባል ቢሰማ ሊፈራ ይችላል። ዳሩ ግን የአዲስ አበባ ከተማ አብዛኛው ክፍል ከዚህ ተራራ ጫፍ ይልቅ ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። አየሩ በመሳሳቱ ምክንያት የሚመጣው የራስ ምታትና የማቅለሽለሽ ሕመም በብዙ ሰው ላይ የሚታየው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ተራራ ላይ ይህን መፍራት አያስፈልግም። ታዲያ ድካሙ ከወዴት ይመጣል ቢሉ፥ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከመነሻው መንደር ከናላታኒያ እስከ ጫፉ ወደ ላይ የሚወጣው 1,000 ሜትር ያህል ነው፤ ደረጃውም ከ5,000 በላይ ነው። 1,000 ሜትሩ ለ5,000 ቢካፈል ለያንዳንዱ ደረጃ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል፤ ይህ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። አንዱን ደረጃ መውጣት ለሕፃን አያቅተውም፤ ሰውን የሚያደክመው 5,000 ጊዜ መደጋገሙ ነው። በየዓመቱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በባዶ እግራቸው ሲወጡት፥ ጐበዛዝቱ በመንገድ ተዘርረው የሚቀሩት ስለዚህ ነው። አሮጊቷ በመሸ ጊዜ ተነሥታ፥ በየማረፊያው ተቀምጣ፥ ሳትቸኵል ትሄዳለች። ጐበዙ ግን የታችኛው መንገድ ለስላሳ መሆኑን አይቶ ይሮጥና፥ ደረጃው በሚቆምበት በላይኛው ስፍራ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል።

ስለዚህ አሳቡ ሁሉ የሚጀምረው ከላይ ነው። ሰው ወደዚህ ተራራ የሚወጣው ፀሓይ ስትወጣ በጫፉ ላይ ለመገኘት ነውና፥ ከዚያች ሰዓት ወደ ኋላ እየቈጠሩ ቀኑንም ሰዓቱንም መወሰን ይገባል።

አስቀድሞ ወራቱን መምረጥ ነው። የመሳለሙ ወራት የሚጀምረው በዲሴምበር ወር ጨረቃ ስትሞላ ነው፤ ይህም በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ ይሆናል። የሚፈጸመው ቬሳክ በሚባለው በዓል በሜይ ወር ጨረቃ ስትሞላ ነው። በእነዚህ ወራት ደረጃው ከታች እስከ ላይ በመብራት ይበራል፤ በመንገዱም ዳርና ዳር ሻይ ቤቶች ሌሊቱን ሁሉ ተከፍተው ያድራሉ። ከሜይ በኋላ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ዝናቡን ያመጣል፤ መብራቱ ይጠፋል፥ ደረጃው ያድጣል፥ በሣሩም ውስጥ አልቅት ይበዛል። ልምድ ያለው ሰው በዚያን ጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ከወራቱም ውስጥ ጥር፥ የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ። ጨረቃ በምትሞላበት ቀን፥ በቅዳሜና በእሑድም ሌሊት ሕዝቡ እጅግ ብዙ ስለሚሆን በጠባቡ ደረጃ ላይ ቆሞ መጠበቅ ይመጣል፤ እንዲህ ቆመው ሳሉ ፀሓይ የወጣችባቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ጀማሪ ከሳምንቱ መካከል ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ቢመርጥ መልካም ነው።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ከራትናፑራ በኩል የሚወጣው መንገድ ከዝቅተኛ ስፍራ ስለሚነሣ እጅግ ረጅም ነው። ጀማሪ የሚሄድበት በሃተን በኩል ያለው አጭሩ ነው። ከኮሎምቦ ወደ ሃተን በባቡር ይደረሳል፤ ሐዲዱ በሻይ እርሻዎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣ ስለ ሆነ ጉዞው ራሱ ዐይንን ደስ ያሰኛል። ከሃተን እስከ ናላታኒያ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ወይም በመኪና ይሄዱታል። በዚያ ቀን ደርሶ በዚያው ሌሊት ለመውጣት የሚያስብ ሰው እንቅልፍ ያጣልና፥ ከቀትር በኋላ ሳይመሽ ደርሶ፥ እራቱን በጊዜ በልቶ፥ ጥቂት ሰዓት መተኛት አለበት።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። (ሰዓቱ የተነገረው እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) በእነዚህ ወራት ፀሓይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ጀማሪ ለመውጣት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢነሣ ይበቃዋል። አንዳንድ ሰው እንዳልዘገይ ብሎ በ6 ሰዓት ይነሣል፤ ይህ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ጉዳት አለው። ምክንያቱም ወደ ላይ በወጡ መጠን በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በኮሎምቦ በሌሊት 23 ዲግሪ ቢሆን፥ በተራራው ጫፍ 8 ዲግሪ ተኩል ግድም ይሆናል ማለት ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያበርደዋል። ያላበው ሰው ልብሱ ረጥቦ በዚያ ብርድ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ይንዘፈዘፋል። ቀድሞ የመጣ እንደ ሆነ ከጫፉ በታች ባለው ሻይ ቤት ቆይቶ፥ ሊነጋ ሲል መውጣት ይሻለዋል።

ስንቁም ከዚሁ የተነሣ ይታወቃል። ሲወጡ የሚለበስ ስስ ልብስ፥ ከላይ ሲደርሱ የሚደረብ ደረቅ ሹራብና ነፋስ የሚከለክል ካፖርት ያስፈልጋል። በመቅደሱ አጠገብ ጫማና ባርኔጣ ይወልቃል፤ ድንጋዩ እጅግ ቀዝቃዛ ነውና ወፍራም ካልሲ መያዝ ነው። ስፍራው የጸሎት ስፍራ ስለ ሆነ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይለበሳል። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፥ ጥቂት ጣፋጭ ነገር፥ መብራትም ቢኖር የእጅ ባትሪ ይያዛል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላልና። ከዚህ የበዛውን ዕቃ ከታች መተው ነው። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

በመንገዱ ላይ ያለው የአገሩ ልማድ ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። ከመንደር የሚመጡ ተሳላሚዎች በማኅበር ሆነው የሚወጡ ናቸው፤ ቀደም ሲል ብዙ ጊዜ የወጣው ሰው ናዴ ጉራ ተብሎ ይመራቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣውን ደግሞ በቋንቋቸው ኮዱ ይሉታል፤ ኮዱ መሆን አያሳፍርም። ወጪና ወራጅ ሲገናኙም «ከሩናዋይ» ይባባላሉ፤ ርኅራኄን የሚያመለክት ቃል ነው። መሪ የሌለው ጀማሪ ራሱን በአንደበቱ ሊፈትን ይችላል፤ እየወጣ ከጓደኛው ጋር አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ሩጫው በዝቷል ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ማረፍ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ መቀመጥ ግን እግርን ያደርቃል። ከማኅበሩ አንዱ ቢደክም ሁሉም በእርሱ ርምጃ መሄድ አለባቸው፤ ደካማውን በጨለማ ደረጃ ላይ ትቶ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው።

ከላይ ሲደርሱ ደወል አለ፤ ሰው ሁሉ በወጣበት ጊዜ ቍጥር ልክ ይደውላል፤ ጀማሪም አንድ ጊዜ ይደውላል። ፀሓይ ስትወጣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ያያል። ይሁን እንጂ ታላቁ ትዕይንት በምዕራብ በኩል ነው። የተራራው ጥላ በቈላው ጉም ላይ ወድቆ፥ በገዢ የተሠመረ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው ይህ የሆነው ተራራው ሾጣጣ ስለ ሆነ ነው ይላል፤ እንዲህ ግን አይደለም። የሌላ ተራራ ጥላም፥ ተራራው ጐባጣ ቢሆን እንኳ፥ ከጫፉ ላይ ቆመው ሲያዩት ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ጥላው ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስለ ሆነ፥ ቀጥ ያለ የባቡር ሐዲድ ሁለቱ ብረቶች በሩቅ የተገናኙ እንደሚመስሉ፥ የጥላውም ሁለት ዳርቻዎች ለዐይን በሩቅ ይገናኛሉ። ፀሓይዋ ከፍ ስትል ጥላው እያጠረ ወደ ተራራው ይመለሳል። ጉም የሸፈነው ቀን ከሆነ ይህ ሁሉ አይታይም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ጀማሪ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ግማሹ ግን ገና ነው። ሲወጡ የሚደክመው ልብና ሳንባ ነው፤ ሲወርዱ ግን የጭን ሥጋ የሰውነትን ክብደት እየገታ ወደ ታች ያስቀምጣል። ይህ ሥጋው እየተለጠጠ የሚሠራው ሥራ ከመውጣት ይልቅ ይጐዳዋል። በዚህ ምክንያት ተሳላሚዎች ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ሲወርዱ ይታያሉ፤ የሚወድቁትም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። መድኀኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከጉዞው አስቀድሞ ለአራት ወይም ለአምስት ሳምንት በሚገኘው ኮረብታ ላይ መውጣትን ብቻ ሳይሆን መውረድንም መለማመድ ነው። ሁለተኛው፥ ምርኩዝ ይዞ፥ በትንሽ ርምጃ፥ ጉልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጎ መውረድ ነው። ለመውረድ ከ2 እስከ 3 ሰዓት መመደብ ያስፈልጋል፤ ፀሓዩ ሳይከር ለመድረስም ከጫፉ ብዙ ሳይቆዩ መነሣት ነው። የተራራው ዙሪያ ዱር የተጠበቀ ነው፤ ነብርም ይኖርበታል፤ በ2010 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ኬላኒ፥ ካሉና ዋላዌ የተባሉት ወንዞችም የሚመነጩት ከዚሁ አገር ነውና፥ የተሸከሙትን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ መውረድ ግዴታ ነው።

የጭኑ ሕመም የሚበረታው በዚያው ቀን ሳይሆን በማግሥቱና በሠልስቱ ነው። ስለዚህ ከሃተን የሚመለሰውን ባቡር ለዚያው ቀን የሚይዝ ሰው፥ ቢያንስ የሚቀጥሉትን ሁለት ቀኖች ደረጃ የማይወጣባቸውና ሸክም የማይሸከምባቸው አድርጎ ይተዋቸው።