ወራጅ አለ!

አዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈረ ሰው «ወራጅ አለ!» ማለትን ማንም አያስተምረውም። ከበቅሎም፣ ከአውሮፕላንም፣ ከጀልባም የምንለየው በዚያው ግሥ ነው፤ እንወርዳለን። አማርኛ ለመርከብ ብሎ ሌላ ቃል አላወጣም። ደግሞም አላነሰበትም። «መርከብ» የመጣልን ከዐረብኛ ነው፤ እዚያ «ረኪበ» ማለት ጋለበ፣ ተቀመጠበት ማለት ነው። በግዕዝ «ረከበ» አገኘ ስለሆነ ይህ ፍቺ ለእኛ ጆሮ ተሰውሯል እንጂ፣ መርከብ ሲፈታ የሚጋለብ ነገር ነው። ከሚጋለብ ነገር ደግሞ ይወረዳል።

የዕብራይስጡ «ያራድ» ከእኛው «ወረደ» ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ነገር ግን በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 3፣ ዮናስ በኢዮጴ መርከቧ ውስጥ ሲገባ ነው ዕብራይስጡ «ወረደ» የሚለው። ወደብ ዳር ለቆመ ሰው የመርከብ ሆድ ታች ነውና። እኛ የምንወጣበትን ቃል እነሱ ገቡበት፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የአየር መንገድ እንግሊዝኛ ለመውረድ «ዲስኢምባርክ» ይላል። በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ቃል ነው፤ ሲፈታ «ከባርካ መውጣት» ይሆናል፤ ባርካ በላቲን ጀልባ ናት። ብዙ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ባርካን በግሪክኛው «ባሪስ» አድርገው ዓባይ ዳር ያደርሷታል፤ በቅብጥኛ ጀልባ «ባሪ» ነው። የባሪስን አሠራር ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ በታሪኩ 2ኛ መጽሐፍ ጽፎታል፦ ሁለት ክንድ ያህል የሆነ የግራር ሳንቃ እንደ ጡብ ይደረደራል፣ መጋጠሚያው በደንገል ይደፈናል፣ ሸራዋም የደንገል ነው። እንግዲህ ዛሬ ከአውሮፕላን የሚወርደው መንገደኛ በእንግሊዝኛው ቃል ከግብፅ የግራር ጀልባ እየወጣ ነው።

ደንገሉ ጣና ላይ አሁንም ታንኳ ይሆናል። የተሳፈረበት ሰው ውሃው ከሥር እየሰረገ ልብሱን ያርሰዋል። ዳር ሲደርስ የብሱ ከታንኳው ከፍ ይላልና እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ ይረግጣል፤ «ወረድኩ» ግን ይላል። ቀዛፊው ታንኳውን ከውሃው ጎትቶ ያወጣና ፀሐይ እንዲመታው ያቆመዋል፤ ደንገል እንደራሰ ከከረመ ይበሰብሳል።