ሁሉም ጎማ ለሁሉም ሞተር አይሆንም

ገበሬ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል። የጎረቤቱን ማረሻ ተውሶ በራሱ እርፍ ላይ ሲሰካው አንዳንዴ ይጠባል፣ አንዳንዴ ይላላል። ከላላ ሽብልቅ ይመታበታል፤ ከጠበበ የእንጨቱን ጫፍ ይጠርባል። ከዚያ በሬዎቹን ጠምዶ ማረሱን ይቀጥላል። ማረሻው ቢወልቅ እንኳ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነው። የሞተር ብስክሌት ጎማ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ ሲወልቅ ሰው ይዞ ይወድቃል። እኛ ዘማቾቹ ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ነው።

አንኮበር ባረፍንበት ቦታ አጠገብ አንድ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር። ሥራው በሞተር እየዞረ በጎችንና ከብቶችን መከተብ ነው። የክትባት መድኃኒት ሙቀት አይወድም። በበረዶ ሣጥን ተይዞ ቶሎ መድረስ አለበት። አንድ ቀን ማታ ከአልዩ አምባ ሲመለስ የኋላ ጎማው ከድንጋይ ጋር ተጋጨና ቸርኬው ተጣመመ። በማግሥቱ ደግሞ ቀጠሮ አለው፤ ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ሰብስበው ይጠብቁታል።

መጋዘን ውስጥ የሌላ ፋብሪካ ሥሪት የሆነ፣ ሞተሩ የሞተ ብስክሌት ቆሞ ነበር። የኋላ ጎማው ግን ደህና ነው። «ጎማ ጎማ ነው፣ ምን ችግር አለው?» አልን። ከመካከላችን አንዱ ሁለት ዓመት ምሕንድስና ስለተማረ ሁላችንም በእሱ ተማመንን። በፋኖስ ብርሃን ሥራ ጀመርን። የጎማው ዘንግ ገባልን፤ ግራና ቀኝ የቀረውን ክፍተት በሮንዴላ ሞላነው። የፍሬኑ ክዳን ግን የሚታሰርበት ቦታ አጣ። ምን ይደረግ? በሽቦ ጠፍረን አሰርነው። ጎማውን በእጃችን ብናሽከረክረው ዞረ። አጨበጨብን።

በዚያን ሰዓት የማታ ትምህርት ሊማሩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቆመው ያዩን ነበር። ቁጥር ማንበብ የጀመሩት በዚያው ወር ነው። ጎንበስ ብለው በሁለቱ ጎማዎች ላይ የተጻፈውን ለቀም ለቀም አድርገው አነበቡ።

«እናንተ ልጆች፣ ይኸኛው አሥራ ስምንት ይላል፣ ያኛው አሥራ ሰባት። ታዲያ ሁለቱ እንዴት አንድ ይሆናሉ?» አሉን።

«አባባ፣ ትንሽ ልዩነት ናት፣ ግድ የለም» ብለን መለስንላቸው። መምህሮቹ እኛ ነን፣ ተማሪው እሳቸው ናቸው ብለን ነዋ!

ሲነጋ ሠራተኛው በሜዳው ላይ ሊሞክረው ተነሣ። ገና ጥቂት እንደሄደ ፍሬን ያዘ። ሽቦው ተበጠሰ፤ የፍሬኑ ክዳን ከጎማው ጋር ዞሮ የፍሬኑን ዘንግ ጠመዘዘው፤ ጎማው ደርቆ ቆመ። ሰውየው ወደቀ። ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ነገር ግን ከሜዳው ማዶ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ይታየን ነበር። በአንድ ጎኑ ገደል ነው። ያ ሽቦ እዚያ ላይ ቢበጠስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማናችንም አልተናገርንም። ክትባቱ የዚያን ቀን በበቅሎ ሄደ።

እኛም ሁለቱን ጎማዎች ተሸክመን፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን ሄድን። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ታሪካችንን ሰምተው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። «ሽቦ ፍሬን አይይዝም፣ ልጆቼ» አሉ። ከዚያም የአንዱን ሞተር ጎማ ለሌላው ከማድረግ በፊት መጠየቅ ያለባቸውን አምስት ጥያቄዎች አስተማሩን። እነሆ።

አንደኛው ጥያቄ፦ የጎማው ቁጥር ስንት ነው? በጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ 3.00-17 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው፤ ሁለተኛው የቸርኬው ወርድ ከዳር እስከ ዳር ነው። ሁለቱም የሚለኩት በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። የባጃጅ ቦክሰር የኋላ ጎማ ብዙውን ጊዜ 3.00-17 ነው። የቆየው ያማሃ ዲቲ 125 የኋላ ጎማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 4.10-18 ነው። 18 የሚል ጎማ 17 በሚል ቸርኬ ላይ አይቀመጥም። ሰፊ ጎማም ጠባብ በሆነ የብስክሌት ሹካ ውስጥ ከገባ ጎኑ ብረቱን እየታከከ ይበላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ዘንጉ ልክ ነው ወይ? ጎማው የሚዞረው በመሐሉ ባለፈ ዘንግ ላይ፣ በኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታውም ላይ ቁጥር አለ። 6201 ወይም 6301 ከሆነ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6202 ወይም 6302 ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ልብ በሉ፦ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15 ነው። ቀጭን ዘንግ በሰፊ ቀዳዳ ከገባ ጎማው ይወላገዳል። የእኛ ዘንግ «ገባልን» ያልነው ለካ ቀጭን ስለነበረ ነው! ግራና ቀኝ የሚቀረውም ክፍተት በሮንዴላ ክምር አይሞላም፤ በልኩ ቶርኖ ቤት የተቆረጠ ቦኮላ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ካቴናው ይስማማል ወይ? ካቴናም ቁጥር አለው። 428 ከሆነ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 520 ከሆነ 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ካቴና በሌላው ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ የፊቱና የኋላው ጥርሳም ክብ በአንድ ቀጥታ መስመር መዋል አለባቸው። ካልዋሉ ካቴናው ይወልቃል፤ ወልቆም በጥርሱና በሹካው መካከል ከተቀረቀረ ጎማውን ያደርቃል።

አራተኛው ጥያቄ፦ የጥርሱ ብዛት ስንት ነው? ይህች የሒሳብ ጥያቄ ናት። የፊቱ 15 ጥርስ፣ የኋላው 45 ጥርስ ቢኖረው የፊቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር የኋላው አንድ ጊዜ ይዞራል። የኋላው 39 ከሆነ ግን የፊቱ 2.6 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። በሜዳ ላይ ይፈጥናል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያንሰዋል። የሜዳ አገር ጎማ አምጥቶ በአንኮበር ዳገት ላይ መጫን፣ ደካማ አህያ ላይ ሁለት ኩንታል እንደ መጫን ነው።

አምስተኛውና ትልቁ ጥያቄ፦ የፍሬኑን ክዳን ማን ይይዘዋል? ፍሬን ሲረገጥ በውስጥ ያሉት ሸራዎች ተከፍተው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ያንቃሉ። ታምቡሩም ሸራዎቹንና ክዳኑን ይዞ መዞር ይፈልጋል። ክዳኑ እንዳይዞር የሚያደርገው ከሹካው ጋር የሚያገናኘው ጠንካራ ብረት ነው። በአንዳንድ ሥሪት ይህ ብረት ረጅም ዘንግ ነው፤ በሌላው ደግሞ በክዳኑ ላይ የተቆረጠ ጎድጓዳ ቦታ በሹካው ላይ ካለ ጉጥ ጋር ይገጥማል። የእኛ ሞተር ባለ ዘንግ ነበር፤ የተዋስነው ጎማ ባለ ጉጥ ነበር። ፍሬን ሲያዝ የሰውም፣ የጭነትም፣ የቁልቁለትም ኃይል የሚያርፈው እዚያች ብረት ላይ ነው። እኛ በዚያች ብረት ፋንታ ሽቦ አድርገን ነበር።

ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ ለምን አንድ አያደርጉትም ብለን ጠየቅናቸው። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ነገር አንድ ሆኗል። ሐንስ ሬኖልድ የተባለ ሰው በ1880 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ላይ የሠራው ባለ ተሽከርካሪ ካቴና ዓይነቱ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል፤ ርቀቱም እስካሁን በኢንች ነው የሚቆጠረው። ኩሽኔታም ቁጥሩ አንድ ከሆነ ከየትም ፋብሪካ ቢመጣ ይገጥማል። የሹካው ስፋት፣ የዘንጉ ውፍረትና የፍሬኑ አያያዝ ግን እንደ ሞተሩ ክብደትና እንደ ሥራው ይለያያል። ስለዚህ መለካት ግድ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? መካኒኩ የተጣመመውን ጎማችንን አገላብጠው አዩት። «የታመመው ቸርኬው ነው እንጂ እምብርቱ ደህና ነው። ደህናውን ለምን ትጥሉታላችሁ?» አሉ። እምብርቱን፣ ፍሬኑንና ጥርሱን እንዳሉ ትተው፣ ቁጥሩ 18 የሆነና 36 ቀዳዳ ያለው ሌላ ቸርኬ በአዲስ ሽቦዎች አሰሩበት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቁ ጎማው ሳይወላገድ እስኪዞር ድረስ ደከሙበት። ከዚያ አንኮበር ተመልሰን ስንገጥመው የራሱ ነውና ሁሉም ቦታውን አገኘ። ጎማው ከፊተኛው ጋር በአንድ መስመር መዋሉን ክር ወጥረን ለካን፤ ዳዶዎቹንም ደግመን አጠበቅን። መጀመሪያ በሜዳ፣ ቀጥሎ በትንሽ ቁልቁለት ፍሬኑን ሞከርነው። ሠራተኛው ወደ አልዩ አምባ የወረደው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ የሚወሰደው ቁም ነገር ይህ ነው። ጎማ ከመዋስህ በፊት በላዩ የተጻፈውን አንብብ፤ ያልተጻፈበትን ለካ። አምስቱም ጥያቄዎች «አዎ» ካላሉህ ተወው፤ ባለሙያ ጠይቅ። ፍሬንን በሽቦ አትሰር።

በዚያ ማታ ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመለስ ሽማግሌው ደብተራቸውን ይዘው ቀድመውን ተቀምጠው ነበር። ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ምንም አይደል፣ ልጆቼ። ቁጥሩን ያስተማራችሁኝ እናንተው አይደላችሁ?» አሉን።