በለዓም በአይሁድ ሊቃውንት ችሎት

የዴር አላ ጽሑፍ ታትሞ ለአንባቢ ከደረሰ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነው። ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተምሥራቅ በሚገኘው በዴር አላ ጉብታ የሆላንድ አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1967 ከግድግዳ የወደቀ የልስን ስብርባሪ አገኙ፤ በላዩም በጥቁርና በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ትንታኔው በ1976 ሲወጣ የዋናው ባለታሪክ ስም ታወቀ፦ የቢዖር ልጅ በለዓም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 ገደማ የተጻፈው ይህ ታሪክ በለዓምን የአማልክትን ምክር በሌሊት ሰምቶ የሚያለቅስና የሚጾም ባለራእይ አድርጎ ያሳየዋል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ታዲያ የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ሰው «ክፉው በለዓም» እስኪሉት ድረስ ምን አደረሳቸው?

መነሻቸው ኦሪት ራሱ ነው። በዘኍልቍ ከምዕራፍ 22 እስከ 24 በለዓም የሞዓቡ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን እንዲረግም ቢቀጥረውም እግዚአብሔር በአፉ ካኖረው ሌላ አልተናገረም። በምዕራፍ 31 ግን እስራኤል በፌጎር በኃጢአት የወደቁት በእሱ ምክር መሆኑ ተጽፏል፤ በሰይፍም ተገደለ። ሊቃውንቱ መራቂውን ችላ አላሉም፤ ከመካሪው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም።

የሊቃውንቱ የሕግ ስብስብ ሚሽና በወሬ አልጀመረም፤ በፍርድ ጀመረ። በሳንሄድሪን ክፍል፣ በሚመጣው ዓለም ዕጣ ከሌላቸው ሦስት ነገሥታትና አራት ተራ ሰዎች መካከል በለዓም ከዶይቅ፣ ከአኪጦፌልና ከግያዝ ጋር ተቆጠረ። በሊቃውንቱ ዘንድ ከአራቱ እስራኤላዊ ያልሆነው እሱ ብቻ ነው። አቦት የተባለው ክፍል ደግሞ የአብርሃምን ደቀ መዛሙርት ከበለዓም ደቀ መዛሙርት ይለያል፦ የፊተኞቹ በጎ ዓይን፣ ትሑት መንፈስና ልከኛ ነፍስ አላቸው፤ የኋለኞቹ ክፉ ዓይን፣ ትዕቢትና የማይጠግብ ነፍስ።

ሚሽናን የሚያብራራው የባቢሎን ታልሙድ ይህን አሰፋው። አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ አደረገው፤ ከሚጋልባት አህያ ጋር አሳፋሪ ነገር ፈጽሟል አለ፤ አባቱንም የያዕቆብ አጎት ከሆነው ከላባ ጋር አንድ አደረገ። በሶጣ ክፍል በፈርዖን ሸንጎ ከኢዮብና ከዮቶር ጋር ተቀምጦ እናገኘዋለን። በለዓም ክፉ መከረ፤ ተገደለ። ኢዮብ ዝም አለ፤ ተሠቃየ። ዮቶር ሸሸ፤ ዘሮቹ ከበሩ። አንድ መምህርም ልጁን ሲመክር ሌሎቹን ለማውገዝ ብለህ ትርጓሜ አታብዛ፣ በበለዓም ላይ ግን ያገኘኸውን ሁሉ ተርጉም አለው። ለስም ማጥፋት የተሰጠ ይህን የመሰለ ግልጽ ፈቃድ በታልሙድ ውስጥ ብርቅ ነው።

ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ክርክር የሚነሣው ከሳንሄድሪን ክፍል ነው። አንድ መናፍቅ ረቢ ሐኒናን በለዓም ስንት ዓመት ኖረ ብሎ ጠየቀው። ረቢውም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ደም አፍሳሾች የዕድሜያቸውን እኩሌታ አይኖሩም ከሚለው የመዝሙር ቃል ተነሥቼ 33 ወይም 34 እላለሁ አለ። ጠያቂውም የበለዓምን የታሪክ መጽሐፍ አይቻለሁ፣ ወንበዴው ፊንሐስ ሲገድለው 33 ዓመቱ ነበር አለ። ተመራማሪዎቹ አብርሃም ጋይገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ትራቨርስ ሄርፎርድም በ1903 በለዓም የኢየሱስ መሸፈኛ ስም ነው አሉ፤ ሄርፎርድ ፊንሐስንም ጲላጦስ አደረገው። ሌላው ተመራማሪ ሉዊስ ጊንዝበርግ ግን አልተቀበለም።

እኔም ከጊንዝበርግ ጋር ነኝ። በጊጢን ክፍል ወደ ይሁዲነት ለመግባት ያሰበው ኦንቄሎስ ሮማዊውን ቲቶን፣ በለዓምን፣ ቀጥሎም ኢየሱስን ከሙታን በአስማት አስነሥቶ ያነጋግራል፤ ሳንሱር ባልነካቸው የእጅ ጽሑፎች ሦስቱ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቅጣታቸውም ለየብቻ ነው። 33 ዓመትም የሰው ዕድሜ ከተባለው ከ70 እኩሌታ በታች ነውና ስሌቱ ከመዝሙሩ ውጭ ምሥጢር አይሻም። ስለ ወንበዴው ፊንሐስ የተባለው በእርግጥ ይከነክናል፤ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የጠቅላላውን ትውፊት ቁልፍ መስቀል ይከብዳል።

ቁልፉ ሌላ ቦታ ነው። በኦሪት ዘዳግም ትርጓሜ በሲፍሬ እንደ ሙሴ ያለ ነቢይ በእስራኤል አልተነሣም፣ በአሕዛብ ግን ተነሣ፣ እሱም በለዓም ነው ተባለ። ሚድራሽ በተባለው የሊቃውንቱ ትርጓሜም አሕዛብ «ነቢይ ቢኖረን ኖሮ» የሚል ምክንያት እንዳያነሡ ተሰጣቸው። ስጦታው ከሙሴ ጋር ከተካከለ ልዩነቱ በጠባይ ብቻ ይሆናል፤ የአቦት ሦስት መለኪያዎችም የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

ፍርዱም ርኅራኄን አልዘጋም። በኦሪት አፍ አውጥታ ለበለዓም የተናገረችው አህያይቱ በሚድራሽ ከተናገረች በኋላ ሞተች፤ ሰዎች እያዩዋት በለዓምን እንዳያዋርዱ እግዚአብሔር ለክፉውም ክብር አስቦ ነው ይላሉ። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት በአህያይቱ ንግግር ላይ ተከራክረዋል፤ ማይሞኒደስ በራእይ የሆነ ነው አለ። በለዓም ከያዕቆብ ስለሚወጣው ኮከብ የተናገረውን ትንቢትም ረቢ አቂባ በሮም ላይ ላመፀው ለባር ኮክባ ሰጠው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ የያዕቆብን ድንኳኖች ያመሰገነበት ቃል በተለይ በአሽከናዚ ሥርዓት ምእመኑ ወደ ምኩራብ ሲገባ የሚጸልየው ሆነ። የዴር አላ ልስን በለዓም በዘመኑ ዝነኛ እንደነበር አሳየን፤ ሊቃውንቱ ግን ዝናም ትንቢትም ሰውን እንደማያድን አስተማሩ። ሰውየውን ኰነኑ፤ እውነት የሆነ ቃሉን ግን አልጣሉም። ጠላታችን የተናገረውን እውነት መቀበል ለሚያቅተን ለዛሬዎቹ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።